ጄምሰን ወይስ ሬድብረስት? ስለ አይሪሽ ዊስኪ ጣዕምና ዋጋ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው፦ «ጄምሰን ለብዙ ጊዜ ጠጥቻለሁ። ስለ አይሪሽ ዊስኪ ሲወራ ግማሹ ሰው ‹እንደሱ ለስላሳ የለም› ይላል፤ ግማሹ ደግሞ ‹ውሃ ውሃ ይላል› ብሎ ያጣጥለዋል። ሬድብረስት 12 ዋጋው ከጄምሰን ከእጥፍ በላይ ነው። ልዩነቱ ለገንዘቡ ይመጥናል ወይስ የምንከፍለው ለስሙ ነው? ከሁለቱ መሃልስ ሊገዛ የሚገባው አለ?»

ይመጥናል። የሚመጥነው ግን ውድ ስለሆነ ሳይሆን ጠርሙሱ ውስጥ ያለው መጠጥ ዓይነቱ ከጄምሰን የተለየ ስለሆነ ነው። እነዚያ የሚከራከሩት ሁለት ወገኖችም ስለ አንድ መጠጥ የሚያወሩ ይመስላቸዋል እንጂ ብዙ ጊዜ የቀመሱት የተለያየ ነገር ነው። ስለዚህ ዋጋው ላይ ከመድረሳችን በፊት ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ እንይ።

በአየርላንድ ሕግ አንድ መጠጥ አይሪሽ ዊስኪ ለመባል ከእህል ተዘጋጅቶ እዚያው ደሴት ላይ መነጠር፣ በእንጨት በርሜል ቢያንስ 3 ዓመት መቀመጥና ሲታሸግ ከ40 በመቶ ያላነሰ አልኮል መያዝ አለበት። በዚህ ስም ሥር አራት ዓይነት አለ፦ ከገብስ ብቅል ብቻ የሚሠራው ሞልት፣ ብቅልና ጥሬ ገብስ ተቀላቅሎ የሚሠራው ፖት ስቲል፣ በአብዛኛው ከበቆሎ ወይም ከስንዴ የሚወጣው ግሬይን፣ እና እነዚህ የሚደባለቁበት ብሌንድ። ጄምሰን ብሌንድ ነው፤ ፖት ስቲልና ግሬይን አለበት። ሬድብረስት ግን ሙሉ በሙሉ ፖት ስቲል ነው።

አገራችን አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው ነገሩ አይከብደውም። ድፍድፉ እሳት ላይ ይጣዳል፣ እንፋሎቱ ቀዝቅዞ ይንጠባጠባል፣ የወጣው እንደገና ሲጣድ ዳግም ይባላል። የአይሪሾቹ ልማድ አንድ ዙር መጨመር ነው። ከሦስተኛው ዙር የሚወጣው መጠጥ አልኮሉ 80 በመቶን ያልፋል፤ ሁለት ጊዜ ብቻ የሚነጠረው የስኮትላንድ ሞልት ብዙውን ጊዜ 70 በመቶ አካባቢ ነው። አልኮሉ እየጠራ በሄደ ቁጥር ከባዱና ቅባት የሚመስለው ክፍል ጋኑ ውስጥ ይቀራል፣ ቀለል ያለው የፍራፍሬ ሽታ ይወጣል። «ለስላሳ» የሚባለው ስሜት አንዱ ምንጩ ይህ ነው። ሦስት ጊዜ መንጠር ግን የሕግ ግዴታ አይደለም። ኮኔማራ የሚባለው ሁለት ጊዜ የተነጠረ፣ ብቅሉም በፒት (ከረግረግ መሬት ተቆፍሮ በሚወጣ ማገዶ) ጭስ የደረቀ አይሪሽ ዊስኪ ነው፤ ሲያሸቱት የጭስ ቤት ነው። «አይሪሽ ሁሉ ለስላሳ ነው» የሚል ሰው ኮኔማራን ቢቀምስ ሐሳቡን ይለውጣል።

ጥሬው ገብስ ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። በ1785 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በብቅል ላይ ግብር ተጣለ። የአየርላንድ ዊስኪ ሠሪዎች ግብሩን ለመቀነስ ከብቅሉ ጋር ያልበቀለ ገብስ ያበዙ ጀመር። ለወጪ ተብሎ የገባው ነገር ጣዕሙን ለወጠው። ጥሬ ገብስ ያለበት ድፍድፍ ወፍራምና ዝልግልግ ነው፤ ከእሱ የሚወጣው ዊስኪም ምላስ ላይ ክሬም የመሰለ ውፍረትና የቅመም ቆንጠጥ አለው። ዛሬ ባለው ደንብ ፖት ስቲል ለመባል ቢያንስ 30 በመቶ ብቅልና ቢያንስ 30 በመቶ ጥሬ ገብስ ገብቶበት በጋን ዓይነት ማንጠሪያ መውጣት አለበት። ከአየርላንድ መጠጦች ሁሉ የእነሱ ብቻ ነው የሚባለው ይህ ነው፤ ገንዘብ የሚወጣበትም በዋናነት እሱ ላይ ቢሆን ደስ ይለኛል።

ግሬይኑ በረጅም ማማ መሰል ማንጠሪያ ሳይቋረጥ ይወጣል። ይህን ማንጠሪያ በ1830 የባለቤትነት መብት ያስመዘገበው የቀድሞው የመጠጥ ግብር ሹም አኒየስ ኮፊ ነው። በዚህ መንገድ የወጣው መጠጥ ንጹህ፣ ቀላልና ርካሽ ነው። መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ ብሌንዱን ያቀለዋል፣ ጣፋጭ የቫኒላ መልክ ይሰጠዋል። ድርሻው ሲበዛ ግን «ውሃ ውሃ ይላል» የሚለው ቅሬታ ይመጣል።

አሁን ወደ ሁለቱ ጠርሙሶች እንመለስ። ጄምሰንና ሬድብረስት የሚወጡት ከአንድ ፋብሪካ ነው፤ በደቡብ አየርላንድ ኮርክ አውራጃ ከሚገኘው የሚድልተን ፋብሪካ። ግሪን ስፖት፣ ፓወርስና ሚድልተን ቬሪ ሬርም ከዚያው ናቸው። የዋጋው ልዩነት እንግዲህ ከቤቱ አይደለም። ከሦስት ነገር ነው፦ ግሬይን ካለመግባቱ፣ ከዕድሜው እና ከበርሜሉ።

ዕድሜውን በቁጥር እናስላው። በአየርላንድ አየር ከበርሜል ውስጥ በየዓመቱ 2 በመቶ ገደማ ይተናል። 200 ሊትር የገባበት በርሜል 12 ዓመት ሲሞላው 157 ሊትር አካባቢ ይቀረዋል፤ 21 ዓመት ሲሞላው 131። አምራቹ የተነነውንም፣ የመጋዘኑን ኪራይም፣ ታስሮ የቆየውን ገንዘብም በቀረው ላይ ያካፍላል። ጠርሙስ ላይ የሚጻፈው ዕድሜ ደግሞ ከተደባለቁት ሁሉ የትንሹ ዕድሜ ነው። ሬድብረስት 12 ውስጥ ከ12 ዓመት በላይ የሆነ ሊኖር ይችላል፣ በታች የሆነ ግን ሊኖር አይችልም። ጄምሰን ላይ ዕድሜ አይጻፍም።

በርሜሉ ከዚህ አያንስም። በአሜሪካ ሕግ ቦርቦን የሚባለው የአገሩ ዊስኪ የሚቀመጠው ውስጡ በተቃጠለ አዲስ የኦክ እንጨት ዕቃ ስለሆነ በርሜሉ ለቦርቦን ሁለተኛ አያገለግልም። ስለዚህ ያገለገለ የቦርቦን በርሜል በብዛት ይገኛል፣ ዋጋውም ዝቅ ያለ ነው። የስፔኑ ሼሪ ወይን የተቀመጠበት በርሜል ግን ትልቅና ብዙ እጥፍ ውድ ነው። ጄምሰን በአብዛኛው በቦርቦን በርሜል ያደገ ነው፤ ሬድብረስት 12 ከቦርቦኑ በተጨማሪ ኦሎሮሶ የሚባለው ሼሪ በነበረበት በርሜል ያደገ አለበት።

አፍ ላይ ልዩነቱ ይህን ይመስላል። ጄምሰንን ሲያሸቱ ቫኒላ፣ አረንጓዴ ፖም፣ ትንሽ አበባ። ሲጎነጩት ይጣፍጣል፣ መሃሉ ላይ ሳሳ ይላል፣ ከዋጡት በኋላ ቶሎ ይጠፋል። ሬድብረስት 12 ሲሸት ዘቢብ፣ የደረቀ በለስ፣ የተቆላ ለውዝ፣ ከበስተጀርባው የገብስ ቆሎ ወይም የበሶ ሽታ። ምላስ ላይ ቅቤ እንደ ነካው ይሸፍናል፣ ቀረፋና ዝንጅብል ይከተላል፣ ከዋጡት በኋላ አንድ ሁለት ደቂቃ ይቆያል። ቁልፉ ያለው መሃሉና መጨረሻው ላይ ነው። በአንድ ጉንጭ የሚጨርስ ወይም ኮካ ጨምሮ የሚጠጣ ሰው ሁለቱንም አያገኛቸውም፤ «ልዩነቱ አልታየኝም» ቢል እውነቱን ነው። ዊስኪን ከለስላሳ ጋር ቀላቅለው ለሚጠጡ ሬድብረስት መግዛት አልመክርም።

ሬድብረስት 12 ላይ የሚሰነዘር አንድ ትክክለኛ ወቀሳ አለ፦ አልኮሉ 40 በመቶ ነው፣ የሕጉ ዝቅተኛ። ከ46 በመቶ በታች የሆነ ዊስኪ ሲቀዘቅዝ ወይም ውሃ ሲነካው ይደፈርሳል። ይህን ለመከላከል አምራቹ ከመታሸጉ በፊት አቀዝቅዞ ያጣራዋል። ማጣሪያው ላይ የሚቀረው ግን ያ ምላስን የሚሸፍነው ቅባታማ ክፍል ጭምር ነው። ከ46 ጀምሮ ያሉትና ሳይቀዘቅዙ የተጣሩት በረዶ ሲገባባቸው ጭጋግ ይሠራሉ። ኡዞ ውሃ ሲነካው ነጭ እንደሚሆነው ማለት ነው፤ አልኮሉ ሲቀንስ በውስጡ ሟምቶ የነበረው ዘይታማ ነገር ይወጣል። ተበላሽቷል ብለው እንዳይመልሱት።

ስለዚህ ለፖት ስቲል ሊከፍሉ ከተነሱ ትንሽ ጨምረው 46 በመቶ ቢገዙ ይሻላል። ፓወርስ ጆንስ ሌን 12 ዓመት፣ 46 በመቶ፣ ቅመሙና የቆዳ መሰል ሽታው ከሬድብረስት የጠነከረ ነው። ሬድብረስት 15ም 46 ነው። ሬድብረስት 12 ካስክ ስትሬንግዝ የሚባለው ደግሞ ከበርሜል በወጣበት ጥንካሬ የታሸገ ነው፤ ከምርት ምርት ይለያያል እንጂ ከ55 በመቶ በላይ ይሆናል። ውድ ይመስላል፣ ነገር ግን ውሃውን እርስዎ ነዎት የሚጨምሩት። 58 በመቶ የሆነውን 30 ሚሊ ሊትር ቀድተው 8 ሚሊ ሊትር ያህል ንጹህ ውሃ ቢጨምሩ ወደ 46 ይወርዳል። በሻይ ማንኪያ አንድ ተኩል ማለት ነው። ውሃውን በአንዴ አያፍስሱት፤ ግማሽ ማንኪያ ጨምሮ መቅመስ፣ ከዚያ እንደገና። ከልክ ሲያልፍ ቀድሞ የሚጠፋው የፍራፍሬው ሽታ ነው፤ ምሬት ብቻ ይቀራል።

ከሁለቱ መሃል የጠየቁኝ ላይ ግልጽ አቋም አለኝ። በዋጋ ከጄምሰን ጥቂት ከፍ ከሚሉት ቀድሜ የማነሳው ብላክ ቡሽን ነው። በሰሜን ከሚገኘው የቡሽሚልስ ፋብሪካ የሚወጣ ብሌንድ ሆኖ ሞልቱ 80 በመቶ ነው፣ ከበርሜሎቹም መካከል ኦሎሮሶ ሼሪ የነበረባቸው አሉ። ዘቢቡና ለውዙ በግልጽ ይሰማል። ፖት ስቲል ስላልሆነ የሬድብረስትን ውፍረት አይሰጥም፤ የሼሪውን ጣዕም ግን በግማሽ ዋጋ ያገኙታል። የፖት ስቲሉን ቅመም በርካሽ መቅመስ ከፈለጉ ፓወርስ ጎልድ ሌብል ነው፤ እሱም ብሌንድ ነው ግን የፖት ስቲሉ ጠባይ ከጄምሰን ይልቅ ይጎላበታል፣ አሜሪካ ውስጥም 43.2 በመቶ ሆኖ ይሸጣል። ቲሊንግ ስሞል ባች 46 በመቶ ነው፣ መጨረሻ ላይ ሩም በነበረበት በርሜል የቆየ፤ ጣፋጭ ለሚወድ ሰው ጥሩ ነው፣ ደረቅ ጣዕም ለሚሻ ይከብደዋል። ግሪን ስፖት ሙሉ ፖት ስቲል ነው፣ 40 በመቶ፣ ከሬድብረስት የቀለለና ፖም ፖም የሚል። ስሙ የመጣው ሚቸል የተባሉት የደብሊን ወይን ነጋዴዎች የበርሜሎቻቸውን ዕድሜ ለመለየት ይቀቡት ከነበረው የቀለም ነጥብ ነው፤ ሰማያዊ ለ7 ዓመት፣ አረንጓዴ ለ10፣ ቢጫ ለ12፣ ቀይ ለ15። ዛሬ ግሪን ስፖት ላይ ዕድሜ አይጻፍም፤ ቢጫው ግን 12 ዓመትና 46 በመቶ ነው፣ ውድም ነው።

ገንዘብ የሚባክነው የት ነው? በመጀመሪያ ጠርሙስ ላይ ባለ አሮጌ ዓመተ ምሕረት። ቡሽሚልስ ላይ 1608 ተጽፎ ያያሉ፤ እሱ ንጉሡ ለአካባቢው የሰጠው የመንጠር ፈቃድ ዓመት ነው፣ ኩባንያው የተመዘገበው በ1784 ነው። ቁጥሩ ለመጠጡ ጣዕም የሚጨምረው ነገር የለም። ሁለተኛው ቀለም ነው። ካራሜል ማቅለም በሕግ ይፈቀዳል፤ ጠቆር ያለ ሁሉ ያረጀ አይደለም። ሦስተኛው «በእንዲህ ዓይነት በርሜል የተጠናቀቀ» የሚለው ጽሑፍ ነው። ማጠናቀቅ ማለት ያለቀለትን ዊስኪ ለተወሰነ ጊዜ ሌላ በርሜል ውስጥ ማስገባት ነው፤ ስንት ወር እንደቆየ ካልተጻፈ ትልቅ ዋጋ አይክፈሉበት። ጥቂት ሳምንት የቆየ መጠጥ ወይኑን ያሸታል እንጂ ከእንጨቱ ጋር አልተዋሐደም፤ ጣፋጩ ከላይ እንደ ሽሮፕ ተንሳፍፎ ይቀራል።

አራተኛው ላይ ረዘም ላድርግ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። ከ2010 ወዲህ አየርላንድ ውስጥ ብዙ አዳዲስ ፋብሪካዎች ተከፍተዋል። ፋብሪካው የተከፈተበትን ዓመት ከጠርሙሱ ዕድሜ ጋር ያስተያዩ። በ2019 ሥራ የጀመረ ቤት 12 ዓመት የሆነው ዊስኪ ቢሸጥልዎ መጠጡን የነጠረው ሌላ ነው፤ ገዝቶ፣ ምናልባትም በርሜል ቀይሮ ነው ያሸገው። ይህ የተፈቀደ ሥራ ነው፣ ጥሩ ዊስኪም ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ያንኑ መጠጥ ሌላ አሻጊ በርካሽ ይሸጠው እንደሆነ መፈለግ ያዋጣል። ጀርባው ላይ «እዚህ ነጠርን» የሚል ቃል አለ ወይስ «የተዘጋጀው ለእነ እንትና» ነው የሚለው? ሁለተኛው ከሆነ ዋጋው የሚመዘነው በመጠጡ እንጂ በፋብሪካው ውበት አይደለም።

ሚድልተን ቬሪ ሬርን በተመለከተ፦ ከ1984 ጀምሮ በየዓመቱ የሚወጣ፣ ዓመቱ የሚጻፍበት፣ 40 በመቶ የሆነ የፖት ስቲልና የግሬይን ብሌንድ ነው። ንጹህና ያማረ ነው። ዋጋው ግን የሰብሳቢ ዋጋ ነው። ለሠርግ ወይም ለልጅ መወለድ ማስታወሻ ከሆነ ይገባኛል፤ ለመጠጣት ብቻ ከሆነ በዚያው ገንዘብ ሁለት ጠርሙስ ካስክ ስትሬንግዝ ይገኛል።

ዋጋ ሲያስተያዩ ጠርሙሱን ሳይሆን መጠኑን ይዩ። አሜሪካ መደርደሪያ ላይ 750 እና 700 ሚሊ ሊትር ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ አውሮፓ 700 ነው፤ የአየር ማረፊያ ሱቆች ውስጥ 1 ሊትር ይበዛል። ሁሉንም ወደ ሊትር ይቀይሩ። ጥንካሬውም ይቆጠራል፦ 700 ሚሊ ሊትር በ40 በመቶ 280 ሚሊ ሊትር አልኮል አለው፤ በ46 በመቶ 322። ልዩነቱ 15 በመቶ ነው። 46ቱ በ15 በመቶ ቢወደድ እንግዲህ አልተወደደም።

ወደ ሱቅ ከመሄድዎ በፊት ግን ልዩነቱ ለእርስዎ ምላስ ይታይ እንደሆነ ይፈትኑ። ጓደኛ ጋር ወይም ባር ሄደው ሬድብረስትን በመለኪያ ማግኘት ይቻላል። አንድ ሌላ ሰው ሦስት አንድ ዓይነት ብርጭቆ ወስዶ፣ በሁለቱ አንዱን ዊስኪ፣ በሦስተኛው ሌላውን፣ እያንዳንዱን 10 ሚሊ ሊትር ይቅዳ። የሳል መድኃኒት መስፈሪያ ለዚህ ይበቃል። ብርጭቆው አፉ ጠበብ ያለ ቢሆን ሽታውን ይይዛል። እርስዎ የተለየውን ይፈልጉ። በአንድ ምሽት ሁለት ዙር ብቻ፣ በሦስት ምሽት ስድስት ዙር፤ ከዚያ በላይ ምላስም ራስም ይደክማል። ከስድስቱ አምስቱን ካገኙ በዕድል የመሆኑ ነገር ከመቶ ከሁለት ያነሰ ነው፤ ልዩነቱ በእርግጥ ይታይዎታል። ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ካገኙ ጄምሰንዎን ይዘው ይቆዩ፣ ገንዘቡን ለሌላ ያውሉት።

ፈተናውን የሚያበላሹት ነገሮች የታወቁ ናቸው። ቀይ ወጥ ወይም ሚጥሚጣ ከተበላ በኋላ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይጠብቁ። በርበሬ አፍ ውስጥ የሚቀሰቅሰውን የማቃጠል ስሜት አልኮልም ይቀሰቅሰዋል፤ ሁለቱ ሲገናኙ 40 በመቶው እንደ 60 ያቃጥላል፣ ጣዕም የሚባል አይቀርም። ቡናም ምላስን ስለሚይዝ ከፈተናው በኋላ ቢሆን። በረዶ አይግባ፤ ብርድ ሽታውን ያፍነዋል። ሲያሸቱ አፍዎን ትንሽ ከፈት አድርገው ብርጭቆውን ከአገጭ ወደ ላይ ያምጡት፤ አፍንጫን ብርጭቆ ውስጥ ከከተቱት የሚያገኙት አልኮሉን ብቻ ነው። የመጀመሪያዋ ጉንጭ አፍን ለማለማመድ ናት፤ በእሷ አይፍረዱ።

የተከፈተ ጠርሙስ ቆሞ ይቀመጥ፣ ከብርሃን ይራቅ። እንደ ወይን ካጋደሙት አልኮሉ ቡሹን ይበላዋል። ሁለት ሦስተኛው ካለቀ በኋላ ውስጡ ያለው አየር የፍራፍሬውን ሽታ ቀስ እያለ ያጠፋዋል፤ በሁለት በሦስት ወር ውስጥ ይጨርሱት ወይም ወደ ትንሽ ንጹህ ጠርሙስ ይገልብጡት።

ለአይሪሽ ኮፊ ጄምሰን ወይም ፓወርስ ነው የሚሆነው፤ ሬድብረስትን ቡናው ይውጠዋል። 120 ሚሊ ሊትር ትኩስ ጠንካራ ቡና፣ 40 ሚሊ ሊትር ዊስኪ፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ቡናማ ስኳር፣ ከላይ በትንሹ የተመታ ክሬም በማንኪያ ጀርባ። ስኳር ካልገባ ክሬሙ ይሰምጣል፣ ምክንያቱም እንዲንሳፈፍ የሚያደርገው የቡናው መክበድ ነው።